ትርፍ ራውተርና የቤት ውስጥ የገመድ መረብ በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




በኢሉባቦር ከተሞች፣ በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በሁሩሙም ሆነ በአልጌ፣ በቁም ሣጥን አናት ላይ ወይም በመደርደሪያ ሥር አቧራ የጠጣ ራውተር ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። አንዱ በስልክ ሽቦ ይመጣ የነበረው መስመር ሲለወጥ የቀረ ነው። ሁለተኛው አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃውን ሲያድስ በርካሽ የተገዛ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከሌላ ዕቃ ጋር ጨምሮ የላከው ይሆናል። ባለቤቱ ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ አይጥለውም፤ ይሠራል ብሎም አይሰካውም። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ዕቃ ነው፤ ይኸውም ከጥቂት ሜትር ገመድና ከአንድ አሮጌ ስዊች ጋር ተጣምሮ ለአንድ ቤተ ሰብ ምን ሊሠራ እንደሚችል ነው።

በነዚህ ከተሞች «ኔትወርክ የለም» የሚለው አባባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድነት ይጨፈልቃል። አንደኛው ከመቱ ተነሥቶ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ዓለም የሚዘልቀው መስመር ነው። ይህ በአገልግሎት ሰጪው እጅ ያለ በመሆኑ የቤቱ ባለቤት ከመጠበቅና አቤት ከማለት በቀር የሚያደርግለት ብዙ የለም። ሁለተኛው ግን ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት፣ ከዋናው ቤት እስከ ሰርቢስ ያለው መንገድ ነው። ይህኛው በባለቤቱ ጣሪያ ሥር የሚያልፍና በባለቤቱ ገንዘብ የሚሠራ ሆኖ ሳለ በአብዛኛው ቤት ጨርሶ አልተሠራም። ከዚህም የተነሣ እኅት በሳሎን ካለው ላፕቶፕ አንድ የትምህርት መጽሐፍ በመኝታ ቤት ላለው ወንድሟ በቴሌግራም ስትልክለት መጽሐፉ ባሕር ተሻግሮ ከሄደ በኋላ ተመልሶ በዚያው ቤት ሌላ ክፍል ይወርዳል። 300 ሜጋ ባይት የሚመዝን ፋይል ሲላክ አንድ ጊዜ፣ ሲወርድ ደግሞ ሌላ ጊዜ ከተገዛው ጥቅል ላይ ይቆረጣል። አሥር እርምጃ ለማይሞላ ርቀት 600 ሜጋ ባይት ይከፈላል ማለት ነው።

የገንዘቡ ነገር ይቅርና፣ ይህ አሠራር ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ 2012 ዓ.ም. በሚገባ አሳይቷል። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ተማሪው ከቤት እንዲማር ተነገረው። ሰኔ 23 ቀን ደግሞ በአገሪቱ የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። በነዚያ ሳምንታት የተቋረጠው የውጭው መስመር ብቻ ነበር። በቤቱ ውስጥ ያሉት ላፕቶፖች፣ በውስጣቸው ያሉት መጻሕፍትና የተቀዱ ትምህርቶች እንዳሉ ነበሩ። ነገር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ የቤት ውስጥ መንገድ ስላልነበረ፣ የጎደለው አንድ ነገር ሆኖ ሳለ የጠፋው ሁሉም መሰለ።

የገመዱ ዘዴ ከመጀመሪያው የታሰበውም ለዚሁ ነበር። ኢተርኔት የሚባለው ይህ ዘዴ በ1973 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል በሮበርት ሜትካፍ ሲታሰብና ከዴቪድ ቦግስ ጋር ሲሠራ፣ ዓላማው በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸውና ከማተሚያ መሣሪያ ጋር ማገናኘት እንጂ ከሩቅ አገር ጋር ማነጋገር አልነበረም። ዛሬ በየራውተሩ ጀርባ የሚታየው ስምንት ሽቦ የሚገባበት መሰኪያ የዚያ ሥራ ልጅ ነው። በመሆኑም የውጭ መስመር የሌለው የቤት መረብ ጉድለት ያለበት መረብ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።

አሁን ወደ ዕቃው መመለስ ይገባል። ራውተር በአንድ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ አራት ሠራተኞች ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው በውጭው መስመርና በቤቱ መካከል የቆመ በረኛ ነው። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ መሣሪያ የቁጥር አድራሻ የሚያድል ጸሐፊ ሲሆን በሙያው ቋንቋ ዲኤችሲፒ ይባላል። ሦስተኛው ከገመድ ወደ ገመድ የሚያስተላልፈው ስዊች ነው። አራተኛው ዋይፋይ የሚያሰራጨው ሬዲዮ ነው። አንድ ቤት ሁለት ራውተር ሲሰካበት የሚፈጠረው ችግር ሁሉ ከሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ይመጣል። ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ቤት አድራሻ ሲያድሉ ከፊሉ መሣሪያ ወደ ትክክለኛው በር፣ ከፊሉ ወደ ግድግዳ ይመራል። ጠዋት የሠራው ስልክ ማታ አልሠራም ይላል፤ ባለቤቱም መስመሩን ይረግማል።

ስለዚህ አሮጌውን ራውተር ለሥራ ማዘጋጀት ማለት ሁለቱን ሠራተኞች አሰናብቶ ሁለቱን ማስቀረት ነው። አሠራሩ ረጅም አይደለም። በመጀመሪያ ከዕቃው ጀርባ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ አሥር ሴኮንድ ያህል በመጫን የቀድሞው ባለቤት ያስቀመጠው ሁሉ ይሰረዛል። ቀጥሎ ከሌላ ከምንም ነገር ጋር ሳይገናኝ በገመድ ከላፕቶፕ ጋር ብቻ ይያያዝና ማስተካከያ ገጹ ይከፈታል። የቤቱ ዋና ራውተር አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ ለአሮጌው 192.168.1.2 ይሰጠዋል። ዋናው በ192.168.0 ወይም በ192.168.8 የሚጀምር እንደ ሆነ አሮጌውም በዚያው ይከተላል። ከዚያ አድራሻ ማደሉ ይዘጋል፤ የዋይፋዩ ስምና የምሥጢር ቃል ከዋናው ጋር አንድ ይደረጋል፤ ቻናሉ ግን ይለያል። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ዋናው በ1 ከሆነ ሁለተኛው በ6፣ ሦስተኛ ካለም በ11 ቢሆን አይረባበሹም። በመጨረሻም ከዋናው የመጣው ገመድ ኢንተርኔት ወይም ዋን ተብሎ በተጻፈበት መሰኪያ ሳይሆን ከአራቱ የላን መሰኪያዎች በአንዱ ይሰካል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በቀለም የተለየው መሰኪያ የክብር ቦታ ስለሚመስል ገመዱን ወደዚያ ይወስደዋል። ያ መሰኪያ ባዶውን መቅረት አለበት።

አሮጌ ዕቃ ሁሉ እኩል አይደለም። የዋይፋይ መከላከያው ዌፕ የተባለው ጥንታዊ ዘዴ ብቻ የሆነ ዕቃ ቢገኝ ሬዲዮው ጨርሶ ተዘግቶ በስዊችነት ብቻ ያገልግል፤ ያንን ቁልፍ መፍታት ዛሬ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ፋብሪካው የሰጠው የማስተካከያ ገጽ የምሥጢር ቃልም መለወጥ አለበት። በሌላ በኩል መሰኪያው 100 ሜጋ ቢት ብቻ ነው ተብሎ ዕቃውን መናቅ አግባብ አይደለም። ከውጭ የሚመጣው መስመር በሴኮንድ 10 ወይም 20 ሜጋ ቢት በሆነበት ቤት ባለ 1000ውን ስዊች አዲስ መግዛት፣ በቀጭን ቧንቧ ለሚመጣ ውኃ ሰፊ በር እንደ መክፈት ነው። በቤት ውስጥ ፋይል ለማስተላለፍም ቢሆን 100 ሜጋ ቢት ያንን 300 ሜጋ ባይት መጽሐፍ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ያደርሰዋል።

ዕቃው ከተዘጋጀ በኋላ ዋናው ቁም ነገር ገመዱ ነው። የዚህን አስፈላጊነት ለማየት በከተሞቹ የተለመደ አንድ ግቢ ይታሰብ፤ ዋና ቤት፣ ከኋላ በኩል ተማሪዎች የሚያድሩበት ሰርቢስ፣ ወደ መንገድ ዳር ደግሞ አነስተኛ ሱቅ አለው። መስመሩ ሲም ካርድ በሚገባበት ራውተር የሚመጣ ከሆነ ዕቃው መቀመጥ ያለበት ምልክቱ በሚበረታበት መስኮት አጠገብ ነው። ሰዎቹ የሚሠሩት ግን ሌላ ቦታ ነው። በመካከሉ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ አለ፤ ጭቃው በክረምት እርጥበት ስለሚይዝ የሬዲዮ ሞገድ ይውጣል። ሰርቢሱ በቆርቆሮ የተለበደ እንደ ሆነ ደግሞ ሞገዱን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ራውተሩን ወደ መካከል ማምጣት ሁለቱንም ወገን ማጣት ነው። ገመድ ይህን ጣጣ ያስወግዳል፤ ዋናው ራውተር ምልክት ባለበት ይቀመጣል፣ አሮጌው ሰው ባለበት ይቀመጣል፣ በሁለቱ መካከል ገመድ ይዘረጋል። ርቀቱ እስከ 100 ሜትር ድረስ ቢሆን ገመዱ ያለ አንዳች እርዳታ ይሠራል፤ በአንድ ግቢ ውስጥም ከዚህ የሚበልጥ ርቀት አይገኝም።

እዚህ ላይ ስለ ዳንቴሉ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ራውተር በሳሎን ሲቀመጥ እንደ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ዳንቴል ይደረብበታል። የቤቱ እመቤት ሙያ የተመሰገነ ይሁንና፣ በዕቃው ጎንና አናት ያሉት ቀዳዳዎች የተሠሩት ሙቀት እንዲወጣባቸው ነው። ዳንቴሉ ከሥሩ ይነጠፍ፤ ከላይ አይደረብ።

ገመድ ሲገዛ ሻጩ «ካት 5ኢ ነው» ማለቱ ብቻ አይበቃም። በገበያ ላይ ከላዩ በመዳብ የተለበጠ አሉሚንየም የሆነ ገመድ በብዛት ይገኛል። ይህ ገመድ ቀላል ነው፤ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፤ ሽቦው በቢላ ጫፍ ሲፋቅ ቀዩ ቀለም ለቆ ነጭ ይወጣል። ንጹሕ መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው። ሙሉው ካርቶን 305 ሜትር ስለሚይዝ ለአንድ ቤት ይበዛል፤ ሁለት ሦስት ጎረቤት ተስማምቶ ቢገዛ ግን በሜትር ከመግዛት ይሻላል።

ጫፉን በማሰር ረገድ በብዙ ቤት የሚታይ ስውር ስሕተት አለ። ስምንቱ ሽቦ በአራት ጥንድ ተጠምዝዞ ይመጣል። ጀማሪው ባለ ሙያ ለዓይን እንዲያምር ጥንድ ጥንዱን በተርታ ይደረድርና በሁለቱም ጫፍ አንድ ዐይነት አድርጎ ያስረዋል። በመፈተሻው ስምንቱም መብራት በቅደም ተከተል ስለሚበራ ሥራው የተሳካ ይመስላል። በአጭር ርቀትም ይሠራል። ገመዱ ሲረዝም ግን ፍጥነቱ ይወድቃል፣ መስመሩ ይቆራረጣል። ምክንያቱም መሣሪያው 3ኛውንና 6ኛውን ሽቦ እንደ አንድ ጥንድ ስለሚጠቀም፣ እነዚህ ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ካልተጠመዘዙ የጎረቤታቸውን ድምፅ ይሰማሉ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። ሰማያዊው ጥንድ በአረንጓዴዎቹ መካከል መግባቱ ለዓይን ባያምርም ምሥጢሩ ይኸው ነው።

በአዲስ አበባ ለሚሠራ መሐንዲስ ብዙም የማያሳስበው፣ በኢሉባቦር ግን የሥራውን ዕድሜ የሚወስነው ነገር ዝናቡና መብረቁ ነው። ጎሬ በአገሪቱ ከፍተኛ ዝናብ ከሚለካባቸው ቦታዎች አንዷ ስትሆን በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይደርሳታል፤ የአዲስ አበባው 1200 ገደማ ነው። የዝናቡም ወራት ረጅም ነው። ከዋናው ቤት ወደ ሰርቢስ በአየር ላይ የተዘረጋ ተራ የቤት ውስጥ ገመድ ልባሱ በፀሐይ ይሰነጠቃል፤ ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ገመዱን እንደ ቧንቧ ተከትሎ ይወርድና ስዊቹ ውስጥ ይንጠባጠባል። ስለዚህ በውጭ የሚያልፈው ክፍል ጥቁር ልባስ ያለው ይሁን፤ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ታጥፎ እንደገና ሽቅብ ይውጣ፤ ውኃው በእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሽቅብ አይወጣም። በኮርኒስ ላይ የሚያልፈው ደግሞ አይጥ እንዳይበላው በፕላስቲክ ኮንዲዩት ውስጥ ቢሆን መልካም ነው። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ጎን ለጎን ከመሄድ ይልቅ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ መሻገር ግድ ከሆነም በቀጥታ ማእዘን ያቋርጥ።

መብረቅን በሚመለከት አንድ የተሳሳተ እምነት መታረም አለበት። ብዙ ሰው መብረቅ ዕቃ የሚያበላሸው ቤቱን ሲመታ ብቻ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ራቅ ብሎ ከወደቀ መብረቅ ነው። በረጅም ሽቦ አጠገብ ኀይለኛ ፍሰት ሲያልፍ ሽቦው ራሱ ኀይል ይቀሰቀስበታል። በኢተርኔት መሰኪያ ውስጥ ያለው ትንሽ ትራንስፎርመር 1500 ቮልት እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው፤ ከዚያ ባለፈ ጊዜ መሰኪያው ይሞታል፣ አንዳንዴም ስዊቹን በሙሉ ይዞት ይሄዳል። ሁለቱ ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አርዝ ካላቸው ችግሩ ይብሳል፤ በሁለቱ መሬት መካከል የሚፈጠረው ልዩነት መሻገሪያ የሚያገኘው በዚያ ገመድ ነው።

መድኀኒቱ እንደ አቅም ይለያያል። ከሁሉ የሚሻለው በሁለቱ ቤቶች መካከል ፋይበር ዘርግቶ በሁለቱ ጫፍ የብርሃኑን ምልክት ወደ ሽቦ የሚለውጥ አነስተኛ መለወጫ ማድረግ ነው፤ ብርጭቆ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ያ ካልተቻለ ገመዱን በኮንዲዩት አድርጎ መቅበር በአየር ላይ ከመዘርጋት ይሻላል፤ ሆኖም ምስጥ ባለበት መሬት የኮንዲዩቱ አፍ በሚገባ መደፈን አለበት። ለድኻው ቤት የሚሆነው ዘዴ ከሁሉም ቀላል ነው። ሰማዩ ሲጠቁር ከሰርቢስ የሚመጣውን ገመድ መንቀል ነው። ለዚህ እንዲያመች የውጭው ገመድ በቀጥታ ወደ ዋናው ራውተር አይግባ፤ በመካከል አንድ አሮጌ ስዊች ይቀመጥ። ሳይነቀል ቢቀር በመጀመሪያ የሚሠዋው እርሱ ይሆናል፤ ትርፍ ዕቃ ዋጋው ከሚታወቅባቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው ነው።

የመብራቱ ነገር በአጭሩ ይነገር። በሶር ወንዝ ላይ የተሠራው አነስተኛ የኀይል ማመንጫ መቱንና አካባቢዋን ለረጅም ዘመን አብርቷል፤ ያም ሆኖ የመብራት መቆራረጥ በነዚህ ከተሞች የታወቀ ነው። ራውተር ግን ብዙ አይበላም። ባለ 12 ቮልት ሁለት ዕቃዎች እያንዳንዳቸው 6 ዋት ቢወስዱ በጠቅላላው 12 ዋት ነው። 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ትንሽ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹ ብቻ ቢወሰድ 42 ይሆናል፤ ይህም ለሦስት ሰዓት ተኩል ይበቃል። በሶላር የሚሠራ መብራት ያለው ቤት እንዲህ ያለ ባትሪ አስቀድሞ ሊኖረው ይችላል። ባትሪ ሲሞላ ቮልቱ ከ14 ሊያልፍ ስለሚችል በመካከል ማስተካከያ ይግባ፤ የዕቃው መሰኪያ መካከሉ ፖዘቲቭ መሆኑም ከመሰካቱ በፊት ይታይ። 9 ቮልት የሚፈልግ ዕቃ በ12 ቢሰካ ሊቃጠል ይችላል።

መንገዱ ከተሠራ በኋላ በመንገዱ ላይ የሚሄድ ነገር ያስፈልጋል። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ስክሪኑ የተሰበረም ቢሆን ሰፊ ሃርድ ዲስክ ከተደረገለት የቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይሆናል። የራሱ ባትሪ ከሠራለትም መብራት ሲጠፋ አይደነግጥም። አድራሻው እንዳይለወጥ በቋሚነት ይሰጠውና በውስጡ የትምህርት መጻሕፍት፣ የተቀዱ ትምህርቶች፣ የቤተ ሰቡ ፎቶግራፎችና የሱቁ ሒሳብ ይቀመጡ። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ዊኪፔድያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋ ባይት ይበልጣል፤ የአማርኛውና የአፋን ኦሮሞው ግን እጅግ ትንንሽ ስለሆኑ በአንድ ፍላሽ ላይ ይገባሉ። ትንሽነታቸው የሚያሳዝን ቢሆንም ለዚህ ሥራ አመቺ ሆኗል። ኮሊብሪ የተባለው ደግሞ የትምህርት ቪዲዮዎችንና መልመጃዎችን በዚሁ ሁኔታ ያቀርባል። እነዚህን ለማውረድ የመቱን መስመር ለሳምንታት ማስጨነቅ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ወይም ጅማ የሚሄድ ሰው በሃርድ ዲስክ ሞልቶ ቢያመጣው ከማናቸውም መስመር ይፈጥናል።

መረቡ ሲሰፋ ጎረቤት መጠየቁ አይቀርም። በአንድ ግቢ ውስጥ የሚዘረጋ ገመድ የቤቱ ጉዳይ ነው። ገመዱ መንገድ ተሻግሮ የኢንተርኔት መስመር ለሌላ ሰው በዋጋ መሸጥ ሲጀመር ግን ጉዳዩ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወደሚገዛው ክልል ይገባል፤ ፈቃድም ይጠይቃል። የማኅበሩ አባላት እንዲህ ያለ ሥራ ሲጠየቁ ይህን አስቀድመው ለባለ ቤቱ ቢያስረዱት መልካም ነው።

ከሥራው ማብቂያ የሚቀሩት ጥቂት ነገሮች ናቸው። በእያንዳንዱ ገመድ ጫፍ ላይ የሚሄድበት ክፍል ስም ተጽፎ በፕላስተር ይለጠፍ። የሁሉም ዕቃ አድራሻና የማስተካከያ ገጹ የምሥጢር ቃል በወረቀት ተጽፎ በቁም ሣጥኑ በር ከውስጥ በኩል ይለጠፍ፤ ይህን የሠራው ልጅ ነገ ለትምህርት ከቤት ይወጣል፣ ወረቀቱ ግን ይቀራል። ለቤቱ ሕፃናትም የአንዱን ገመድ ሁለት ጫፍ በአንድ ስዊች ላይ መሰካት ክልክል መሆኑ ይነገራቸው፤ መልእክቱ በዚያ ቀለበት ውስጥ ያለ ማቋረጥ ስለሚዞር መላው ቤት በአንድ አፍታ ይቆማል፣ ምክንያቱንም ፈልጎ ማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

የመጨረሻው ፈተና የሚደረገው ሁሉም ነገር በሚሠራበት ሰዓት ነው። ባለ ሙያው ከዋናው ራውተር የውጭውን መስመር ወይም ሲም ካርዱን ሆነ ብሎ ይነቅላል፤ ከዚያ ወደ ሰርቢሱ ሄዶ ተማሪው መጽሐፉን እንዲከፍት ይጠይቀዋል። መጽሐፉ ከተከፈተ የውጭውን መስመር መልሶ ይሰካና ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል።